የሥነ ጥበብ ሙዚየም ኩሬተርና ጸሐፊ ለመሆን፦ ከመዝገብ ክፍል እስከ ዐውደ ርእይ

በአዲስ አበባ አንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት ተመልካቹ የሚያየው ሠዓሊውንና ሪባን የሚቆርጠውን የክብር እንግዳ ነው። ሥዕሎቹን ከየቤቱና ከየመጋዘኑ ፈልጎ ያገኘው፣ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሚሰቀል የወሰነው፣ የውሰት ደብዳቤውን የጻፈው፣ በየሥዕሉ ጎን የተለጠፈችውን አጭር መግለጫ አሥር ጊዜ ያረመው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሰው ፊት ያያል። ይህ ሰው ኩሬተር ይባላል። አንዳንዶች «አሰናጅ»፣ ሌሎች «የዐውደ ርእይ አዘጋጅ» ይሉታል፤ ሁሉም የተስማማበት የአማርኛ ስም ገና ስላልወጣለት በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች የምንጠራበትን ቃል እዚህም እጠቀምበታለሁ።

የኩሬተርነትንና የጸሐፊነትን ሥራ በአንድ መመሪያ ያጣመርሁት ሆን ብዬ ነው። የቅርስ መዝገብ ካርድ፣ ሥራው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጽ የይዞታ ሪፖርት፣ የውሰት ውል፣ የግድግዳ መግለጫና የካታሎግ መጣጥፍ ሁሉም ጽሑፎች ናቸው፤ ኩሬተር ቀኑን ሙሉ የሚውለውም በእነዚህ ላይ ነው። መጻፍ የማይወድ ሰው በዚህ ሙያ ገና ከጅምሩ ይቸገራል። ሥዕልን ቀርቦ የማያይ ጸሐፊ ደግሞ የሚጽፈው ከሌላ ሰው የሰማውን ብቻ ይሆናል።

አንደኛ ደረጃ፦ አንድን ሥራ ደጋግሞ ማየት

ለዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ደብተርና ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው አጭር መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ያገኛሉ፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ እንዲሁም በሠዓሊውና ባለቅኔው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። በአንድ ቀን ሦስቱንም ለመጨረስ አይሞክሩ። ወደ አንዱ ይግቡ፣ አንድ ሥራ ይምረጡ፣ መግለጫውን ሳያነቡና ስልክዎን ሳያወጡ ግማሽ ሰዓት ከፊቱ ይቀመጡ።

በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የሚታዩትን ነገሮች ብቻ በስም ይጻፉ፤ «ውብ»፣ «አሳዛኝ»፣ «ጥልቅ» የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ይከልክሉ። በሁለተኛው አሥር ደቂቃ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ይመርምሩ፤ ቀለሙ ወፍራም ነው ወይስ ሸራው በሥሩ ይታያል፣ መስመሩ ከቀለሙ በፊት የመጣ ነው ወይስ በኋላ የተጨመረ፣ በጠርዙ ላይ የተቆረጠ ነገር አለ ወይ። በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ዓይንዎ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዴት እንደሄደና ምን እንዳስሄደው ይጻፉ። ሲጨርሱ መግለጫውን ያንብቡ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ሥራ በሌላ ሰዓት ይዩት።

ሰዓቱን መለወጥ ለምን እንደሚጠቅም የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያስረዳል። አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ የትግል ዘመንና መጪ ዘመን በሦስት መስኮቶች ያቀረበበት ይህ ሥራ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ቀለሙን የሚያገኘው ከውጭ ከሚገባው ብርሃን ስለሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ ሥዕል አንድ አይደሉም። የጉብኝት ፈቃድ ካገኙ ሁለት ጊዜ ሄደው ልዩነቱን በጽሑፍ ለማስቀመጥ ይሞክሩ። ይህን ልምምድ በአሥር የተለያዩ ሥራዎች ላይ ሳይፈጽሙ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዲያልፉ አልመክርም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ትምህርት

በሙያው አንድ የተጠረገ መንገድ የለም። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው በር ነው። በሥዕል ወይም በቅርጻ ቅርጽ የተመረቀ ሰው ቁሳቁሱን በእጁ ስለሚያውቀው ያ እውቀት በመጋዘን ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይጠቅመዋል። ከታሪክ፣ ከአርኪዮሎጂ፣ ከሥነ ጽሑፍና ከፊሎሎጂ (ከጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) የመጡም አሉ።

ከሌላው ዓለም ምሳሌ ብንወስድ፣ በጀርመን ካሴል ከተማ የሚካሄደውን ታላቁን የዶክመንታ ዐውደ ርእይ እ.ኤ.አ. በ2002 በመምራት የመጀመሪያው አፍሪካዊ የሆነው ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር የተማረው የፖለቲካ ሳይንስ ነበር፤ ግጥም ይጽፍ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ስለ አፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የሚጽፍ መጽሔት በማቋቋም ወደ ሙያው ገባ። አሜሪካዊው ባለቅኔ ፍራንክ ኦሃራ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ከ15 ዓመት በኋላ ሲሞት እዚያው ተባባሪ ኩሬተር ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ያሰናዳው ኩሬተርም ባለቅኔው ሌምን ሲሳይ ነበር። ሦስቱም የመጡት ከጽሑፍ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከዲግሪው ይልቅ እኔ አጥብቄ የምመክረው ቋንቋ ነው። ከጥንታዊው ሥዕላችን ጋር መሥራት የሚፈልግ ሰው ግእዝ ማንበብ አለበት፤ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን እጅ መሆኑን የምናውቀው በሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የቻለ ሰው ስለነበረ ነው። ከእንግሊዝኛ በተጨማሪ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ የሚያነብ ኩሬተር ደግሞ ስለ ሀገራችን ቅርስ በውጭ የተጻፈውን ያለ አማላጅ ማየት ይችላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በመዝገብ ክፍል መጀመር

ሙዚየም ለመግባት የሚጠይቅ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ዐውደ ርእይ ስለማዘጋጀት ነው። ስብስቡን ለማወቅ ግን ከመዝገብ ሥራ የተሻለ መንገድ የለም። ስለዚህ ወደ ሙዚየሙ በሚጽፉት ማመልከቻ ላይ «በቅርስ ምዝገባና በመጋዘን ሥራ ለማገዝ» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ የመቀበል ዕድልዎ ይሰፋል።

የመዝገብ ካርድ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የሠሪው ስም፣ ርእስ፣ የተሠራበት ዘመን፣ የተሠራበት ቁስ፣ ልክ፣ የተገኘበት መንገድና ቀን፣ በመጋዘን ያለበት ቦታ፣ ፎቶግራፍና የይዞታው ሁኔታ። ልክ ሲጽፉ ቁመት ይቅደም፣ ወርድ ይከተል፤ ያለ ፍሬም ወይም ከነፍሬሙ መሆኑንም ይግለጹ። የመዝገብ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሥራው ወደ ሙዚየሙ የገባበትን ዓመት፣ የርክክቡን ተራና የዕቃውን ተራ በነጥብ ለይቶ ያሳያል፤ 2016.4.2 የሚል ቁጥር በ2016 ዓ.ም. በአራተኛው ርክክብ የገባ ሁለተኛ ዕቃ ነው ማለት ነው።

ስለ ቁሱ ሲጽፉ አይገምቱ። በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘውን እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራውን «የጁጁ ሠርግ» ከፎቶግራፍ ብቻ ያየ ሰው «ዘይት ቀለም በሸራ ላይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሥራው ግን በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፐራ (በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም) እና በብረታማ ቀለም የተሠራ ነው። መቅደዱ የሥዕሉ አካል ነው፤ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ከዓመታት በኋላ አንድ ቅን ባለሙያ ጉዳት መስሎት ሊጠግነው ይነሣል።

ዘመኑን በተመለከተ የራሴን ስህተት ልናገር። በሠራሁበት የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ ላይ ከአሮጌ ዝርዝር የገለበጥሁትን ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወስጄ በመግለጫው ላይ አተምሁት። የመክፈቻው ዕለት የሠዓሊው እህት መግለጫውን አንብባ፣ «የኔ ልጅ፣ በዚህ ዓመትኮ ወንድሜ ገና ብሩሽ አልያዘም» አለችኝ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ሥዕሉን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስጄ ሠዓሊው ካልተማረበት ዘመን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓመተ ምሕረት ወይም እ.ኤ.አ. ሳልል ዓመት ጽፌ አላውቅም፤ በሥዕሉ ላይ የተጻፈ ከሆነም የተጻፈበትን ቦታና የፊደሉን ዓይነት ጨምሬ እመዘግባለሁ። በግእዝ አኃዝ የፈረመ ሠዓሊ በአብዛኛው የእኛን አቆጣጠር ይከተላል፤ በላቲን ፊደል የፈረመው ግን የትኛውንም ሊጠቀም ስለሚችል ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሥራው ከየት እንደመጣ መመርመር

አንድ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ሙዚየም እስኪደርስ ማን ማን እጅ እንዳለፈ ማወቅ የኩሬተር ግዴታ ነው። የሥዕሉን ጀርባ ከፊቱ እኩል ያጥኑ፤ የጋለሪ ወረቀት፣ የጉምሩክ ማኅተም፣ የፍሬም ሠሪ ስም፣ የቀድሞ ዐውደ ርእይ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ደረሰኝ፣ ኑዛዜ፣ ደብዳቤና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ይፈልጉ። ሰንሰለቱ የተቋረጠበትን ዓመት በግልጽ ክፍት ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት።

ለእኛ ይህ ምርመራ የሌላ አገር ሰው ከሚያውቀው በላይ ይከብዳል። ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር በደረሰ ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በቦታቸው ቅጂ አስቀምጦ ሄደ፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ስለ አነሣሡ ዛሬ መናገር የሚቻለው የቡድኑ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የየዕለቱን ሥራ በማስታወሻ ስለያዘ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የወጣው ሪቻርድ ሆልምስ ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበር፤ ለሙዚየሙ ዕቃ እንዲሰበስብ ተልኮ፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ እስካሁን አልተመለሰም።

ይህን የማነሣው ለቁጭት ብቻ አይደለም። ከሆልምስ ታሪክ የሚወጣ የሥራ ደንብ አለ፦ ኩሬተር ሙዚየሙ ከሚሰበስበው ዓይነት ዕቃ ለራሱ አይሰበስብም፤ ከሥራው በፊት የያዘው ካለም ለአለቃው በጽሑፍ ያሳውቃል። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብም በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። በሀገር ውስጥ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ሙሉውን ያንብቡ፤ ቅርስ ማስመዝገብን፣ መሸጥንና ከሀገር ማውጣትን የሚመለከቱት አንቀጾች በእጅዎ ያለው ሥራ ላይ በቀጥታ ይፈጸማሉ።

አምስተኛ ደረጃ፦ መጻፍ

ከሁሉ ከባዱ አጭሩ ጽሑፍ ነው። የግድግዳ መግለጫ ከ60 እስከ 80 ቃል ቢሆን ይበቃል፤ ሰው ቆሞ፣ ልጅ ይዞ፣ ከኋላው ሌላ ተመልካች እየጠበቀው የሚያነበው ጽሑፍ ነውና። «ይህ ድንቅ ሥራ የሕዝባችንን ባህል በደማቅ ቀለማት ይገልጻል» የሚል ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ሥዕል ሥር ቢለጠፍ ይሄዳል፤ ስለዚህ ስለ የትኛውም ሥዕል አልተናገረም። የገበያ ቀን የሚያሳይ ሥዕል ከፊትዎ ቢሆን በምትኩ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «ሴቶቹ ፊት የላቸውም። ሠዓሊው የሣለው ከጭነቱ የጎበጠውን ጀርባ ነው፤ ከሁሉ ደማቅ የሆነው ቀይም ያረፈው በርበሬው ላይ ነው።» ይህ ተመልካቹን ከወረቀቱ ወደ ሥዕሉ ይመልሰዋል። መግለጫዎን የሚፈትኑበት መንገድ ቀላል ነው፦ ሌላ ሥዕል ሥር ቢለጠፍ ያስኬዳል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ካስኬደ ይቅደዱት።

ስለ አማርኛው ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ። ብዙ ዐውደ ርእዮች መግለጫቸውን በእንግሊዝኛ አስጽፈው ከመክፈቻው በፊት ባለው ሌሊት ያስተረጉማሉ፤ ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። አማርኛውን አስቀድመው ይጻፉ። ቋንቋችን ለሥዕል ቃል አጥቶ አያውቅም፤ የብራና መጻሕፍትን ጠርዝ የሚያስጌጠው ሐረግ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ የምትታይበት ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው ጌታ የሚታይበት ኵርዓተ ርእሱ ሁሉ ከነስማቸው የቆዩ ናቸው። እነዚህን ትቶ «ጌጣጌጣዊ ጥለት» ወይም «ማዶና» ማለት የአንባቢውን ሀብት መሸሸግ ነው። ለአዲሱ ሥነ ጥበብ ቃል ሲጎድል ደግሞ ነገሩን በሁለት ቀላል ቃላት መግለጽ ማንም ያልሰማውን ቃል ከመፍጠር ይሻላል። እኔ ሠዓሊዎች በስቱዲዮ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት የምመዘግብበት የተለየ ደብተር አለኝ፤ እንደዚህ የጠቀመኝ መጽሐፍ የለም።

የካታሎግ መጣጥፍ ሰፊ ቦታ ስለሚሰጥ ሰው ይሳሳትበታል። አንድ ጥያቄ ይያዙ። «የሠዓሊው ሕይወትና ሥራ» ጥያቄ አይደለም፤ «ሠዓሊው በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ረቂቅ ሥዕሎቹ አዲስ አበባ ላይ ምን ዓይነት ተመልካች አገኙ?» ግን ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሊጠየቅና የዘመኑን ጋዜጦች በማገላበጥ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ሠዓሊው በሕይወት ካለ ቃለ መጠይቁን በድምፅ ይቅረጹ፣ ጽፈው ያሳዩት፣ ያረመውን ይጨምሩ፤ ስለ ሥራው የደረሱበትን ፍርድ ግን ለማስፈቀድ አይውሰዱት። በየመክፈቻው የምንሰማው ውዳሴ ሠዓሊዎቻችንን እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራውን አይቶ ድክመቱን በአክብሮት የሚጽፍ ሰው ያጣ ሠዓሊ ለማደግ ይቸገራል።

ከመታተሙ በፊት የፎቶግራፍ ፈቃድ ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉን የገዛ ሰው የቅጅ መብቱን አብሮ አልገዛም፤ መብቱ ከሠዓሊው ሞት በኋላም ለ50 ዓመት በወራሾቹ እጅ ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፦ የሥዕሉ ባለቤትና የመብቱ ባለቤት።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት

ትንሽ ይጀምሩ። ከ12 እስከ 15 ሥራ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። ሐሳቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ገና አልበሰለም ማለት ነው። የክፍሉን ካርታ በአንድ ሃያኛ ልክ ይሥሩና የየሥዕሉን ምስል በዚያው ልክ ከወረቀት ቆርጠው በካርታው ላይ ያዘዋውሩ፤ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን እንደሚያናግረው ወይም እንደሚያፍነው የሚገባዎት ይህን ሲያደርጉ ነው። ሲሰቅሉ የሥዕሎቹ መካከለኛ ነጥብ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአንድ መስመር ቢሆን አብዛኛው ተመልካች ሳያንጋጥጥ ያያል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ተመልካቾችና ተማሪዎች ከበዙ መግለጫዎቹን ዝቅ ያድርጉ።

ብርሃን ያደረሰውን ጉዳት ማንም አይመልሰውም። ለብራና፣ ለወረቀት፣ ለውሃ ቀለምና ለጨርቅ ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም ከ200 ሉክስ እንዳይበልጥ መለኪያ ይዘው ያረጋግጡ፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ማድረግ ውድ መብራት ከመግዛት ይቀድማል። ብራና እርጥበት ሲለዋወጥ ስለሚጠቀለል ከውጭ ግድግዳና ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ አይስቀሉ።

ከግለሰብ የሚዋሱትን ሥራ ሁሉ በጽሑፍ ውል ይዋሱ። ውሉ የመረከቢያና የመመለሻ ቀን፣ የሥራውን ግምት፣ የኢንሹራንሱን ሁኔታ፣ ማጓጓዣውን የሚከፍለውን ወገን፣ ፎቶግራፍ ማንሣት መፈቀዱን ይያዝ። አበዳሪው ዘመድ ወይም ወዳጅ ሲሆን ውል መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል፤ ወዳጅነቱን የሚጠብቀው ግን ውሉ ነው።

ስለ ኑሮው በአጭሩ ልንገርዎ። በሀገራችን ቋሚ የኩሬተር መደብ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ከማስተማር፣ ከትርጉምና ለጋለሪ ከሚጽፉት ክፍያ ጋር አዳብለው ይኖራሉ። ክፍያውን ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፤ ሥዕል በስጦታ መቀበል ስለዚያ ሠዓሊ በነጻነት እንዳይጽፉ ያደርግዎታልና እምቢ ይበሉ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የምትኖሩ ወጣቶች በአቅራቢያችሁ ያሉ ሙዚየሞች የኢትዮጵያ ስብስብ እንዳላቸው ጠይቁ፤ በባልቲሞር ያለው የዋልተርስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ትልቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ስብስቦች አማርኛና ግእዝ የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ።

ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ሥራው አያልቅም። እያንዳንዱን ሥዕል ከማሸግዎ በፊት ሲረከቡ ከጻፉት የይዞታ ሪፖርት ጋር በጥሩ ብርሃን ያስተያዩት፤ አዲስ ጭረት፣ የቀለም መርገፍ ወይም የፍሬም መላላት ካገኙ ፎቶ አንሥተው በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይንገሩ። ርክክቡን በሁለት ቅጂ ያስፈርሙ። የግድግዳ መግለጫዎቹን፣ ፎቶግራፎቹን፣ ደብዳቤዎቹንና ተመልካቾች በአስተያየት መዝገቡ የጻፉትን በአንድ ፋይል አድርገው ቀኑን ከነአቆጣጠሩ ይጻፉበትና ለሙዚየሙ መዝገብ ቤት ያስረክቡ።